የታጠፈው ትስስር

በጃፓኗ ሴንዳይ ከተማ፣ በፕሮፌሰር ኩዋባራ ቤተ ሙከራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሁለት የካርቦን አቶሞች በድርብ ትስስር እንደሚያያዙ ሁሉ፣ ከባዱ ዘመዳቸው ጀርማኒየምስ እንዲያ ይያያዛል? የካርቦኑ ሞለኪውል እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። የጀርማኒየሙም ከተገኘ ጠፍጣፋ ይሆናል ብለው አስተምረዋል፣ ጽፈዋልም።

የምንፈልገው የጀርማኒየም ውህድ አየር ሲነካው ይበላሻል። ስለዚህ አየር በማይገባበት ሳጥን ውስጥ እጄን በጎማ ጓንት አስገብቼ ስምንት ወር ታገልኩ። በመጨረሻ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቢጫ ክሪስታል ወጣችልኝ። በኤክስሬይ ስለካት ጠፍጣፋ አይደለችም። ካንዱ አቶም የወጡት ቅርንጫፎች ወደ ላይ፣ ከሌላው የወጡት ወደ ታች ታጥፈዋል።

“ኦኖዴራ፣ ክሪስታልሽ ተበላሽቶ ነው። ድገሚው” አሉኝ ፕሮፌሰሩ።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው። የመጨረሻውን ውጤት የወሰድኩላቸው ሆስፒታል ነው፤ የጨጓራ ካንሰር ጥሏቸው ነበር። የሞለኪውሉን ሥዕል ብርድ ልብሳቸው ላይ ዘርግተው የታጠፉትን ቅርንጫፎች በጣታቸው ተከተሉ።

“ሺራይሺ” አሉ።

“ማን ነው እሱ?”

“ካንቺ በፊት የነበረ ተማሪዬ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ አሳየኝ። ሥራህ ዝርክርክ ነው ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩት። ጥሎኝ ሄደ። እባክሽ ፈልጊልኝ።”

ኢሺኖማኪ በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኖ አገኘሁት።

“ሞት ሲመጣ ነው ትዝ ያልኳቸው?” አለኝ። ያሳየሁትን ሥዕል ግን አልመለሰልኝም። “ስንት ዲግሪ ነው የታጠፈው?”

“ሠላሳ ሁለት።”

“እኔ ሠላሳ አንድ ነበር ያገኘሁት” አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በማግስቱ በባቡር ሆስፒታሉ ድረስ መጣ። ፕሮፌሰሩ ሊነሱና እጅ ሊነሱ ሞከሩ፤ አቅም አነሳቸው።

“ተዉ፣ ይተኙ” አለ ሺራይሺ።

“ልክ ነበርክ። እኔ ያየሁት ማየት የፈለግሁትን ነው። በድዬሃለሁ።”

“ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው፣ ፕሮፌሰር። ይቅር ብያለሁ ብል እዋሻለሁ።” ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። “ለምን እንደሚታጠፍ ግን ልንገርዎት።”

ነገራቸው። እንደ ጀርማኒየም ያሉ ከባድ አቶሞች እንደ ካርቦን ፊት ለፊት አይያያዙም። እያንዳንዱ የኤሌክትሮን ጥንዱን ለራሱ መያዝ ይወዳል፤ ሲቀራረቡ ግን አንዱ ጥንዱን ዘንበል አድርጎ በጎረቤቱ ባዶ ቦታ ላይ ይዘረጋል፣ ጎረቤቱም እንዲሁ። መታጠፉ ከዚያ ይመጣል። ፕሮፌሰሩ እንደ ተማሪ ያዳምጡ ነበር። “እዚህ ጋ አልገባኝም፣ ድገምልኝ” ሲሉት ይደግምላቸዋል። ነርሷ ሰዓት አልቋል ብላ እስክታስወጣን ድረስ እንዲህ ቆዩ።

በየካቲት አረፉ። የምርምር ጽሑፋችን ከጥቂት ወራት በኋላ ሲታተም የመጀመሪያው ስም የሺራይሺ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ቤተ ሙከራው ተመለስ ቢለውም እንቢ አለ።

“የክፍሌ ልጆች ፈተና አለባቸው” ነው ያለኝ።