የባልታሳር ፍግ

ጥቁር ጫካ በሚባለው ተራራማ አገር መንደሮች ልጅ ከመዳሩ በፊት የሚታየው ደጃፍ ላይ የተከመረው ፍግ ነው። ክምሩ ትልቅ ከሆነ ከብቱ ብዙ ነው፤ ጠርዙ በገለባ ሹሩባ ከተጎነጎነ ደግሞ የቤቱ ሴቶች ባለሙያ ናቸው። የባልታሳር ፍግ መስኮት ሊጋርድ ምንም አልቀረው። ሹሩባውን የምትጎነጉነው ልጃቸው ቫልቡርጋ ናት።

ቫልቡርጋ ከተራራው ማዶ በሚኖረው በፋይት ፍቅር ክንፍ ብላለች። የፋይት አባት አምብሮስ ግን እግራቸውን ታመው መጥተው ማየት አልቻሉም፤ ሳያዩ ደግሞ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ባልታሳር ቤታቸው ያረፈውን የከተማ ሠዓሊ ደጃፋቸውን በቀለምና በብዕር እንዲስልላቸው ለመኑት።

ሠዓሊው ደግ ልጅ ነው፤ ችግሩ ፍርስራሽ ይወዳል። ዘመኑም እንደዚያ ነበር፤ የከተማ ሰው የተጣመመ ዛፍና የወደቀ ግድግዳ ካየ እንባው ይቀድመዋል። ሥዕሉን ሲያሳያቸው ደህናው ጣሪያ ተሸንቁሯል፣ ግድግዳው ላይ ሐረግ ተንጠላጥሏል። ፍጉ የለም። በቦታው ጽጌረዳ በቅሏል።

«ፍጌስ?» አሉ ባልታሳር።

«አባባ፣ እሱ ውበቱን ያበላሸዋል።»

«አንተ ልጅ፣ ዳቦዬን በልተህ ለማኝ አደረግኸኝ?»

ቀለሙ አይፋቅ ነገር፣ ወረቀቱም የመጨረሻው ነበር። ባልታሳር እየተራገሙ ወደ በረት ገቡ። ቫልቡርጋ ፋይትን በጽጌረዳ ልታጣው ነው። ብዕሩን ከሠዓሊው እጅ ነጠቀችና ጽጌረዳው ላይ ፍጉን ትከምር ጀመር። ሹሩባውን እየጎነጎነች ስትከምር ጣሪያውን አለፈ።

«ኧረ በቃሽ፣ ቤቱን ዋጥሽው» አለ ሠዓሊው ሳቁን እየታገለ።

«ዝም በል፣ ትዳሬን ነው የምስለው።»

እሁድ አባትና ልጅ ተራራውን ተሻግረው ሥዕሉን ለአምብሮስ ሰጡ። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ጣሪያህ ወድቋል፣ ባልታሳር።»

ባልታሳር አንገታቸውን ደፉ።

«ምን ያሳፍርሃል? ይህን ሁሉ ፍግ ይዘህ?» አሉና አምብሮስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ፋይት፣ ነገ መሰላል ይዘህ ሂድ። ሠርጉ ሳይደርስ የአማትህን ጣሪያ ትከድናለህ።»

ቫልቡርጋ ጣሪያው ደህና መሆኑን ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቷ እግሯን ረገጡት።

ፋይት በማግስቱ መጣ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ቫልቡርጋን አየ፣ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። ምሳውን እሷ አወጣችለት፤ እስኪመሽም አልወረደችም።