በፍሪ የማይወረድ ቁልቁለት

አማቴ እትዬ አስካለ ባለቤታቸውን የሚያውቋቸው መኪናችን ቁልቁለት ሲወርድ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ አያውቋቸውም። ዳገት ላይማ ጭራሽ ይፈሯቸዋል።

መኪናው የእኔ ነው፤ ቢያንስ ሊብሬው ላይ የሰፈረው የእኔ ስም ነው። ነጭ፣ ሰባት ሰው የሚጭን፣ ከመሬት ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ሲሆን ሃይብሪድ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል የቤንዚን ሞተር አለው፤ በተጨማሪ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር። ሦስቱ ሲተባበሩ ሁለት መቶ አርባ የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ። ከዜሮ ተነሥቶ መቶ ለመግባት ስምንት ሰከንድ ይበቃዋል ይባላል። እኛ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ስለሆነና ከፊታችን አንድ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ስለማይጠፋ ሞክረነው አናውቅም። ከዱባይ ስለመጣ የሚናገረው በዐረብኛ ነው።

ስለዚህ መኪና መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ መኪና ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ አየር ላይ ይበተናል። የእኛው ግን ፍሬን ሲያዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ ጎማዎቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹን ያዞራሉ፤ ሞተሮቹ ደግሞ ጉልበቱን ሰብስበው ባትሪው ውስጥ ይመልሱታል። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ከጎማ ወደ ባትሪ የሚፈስ አረንጓዴ ቀስት ይታያል። እኔ ኮሌጅ ውስጥ አውቶ መካኒክ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ይህን ክፍል ሳስረዳ «ሄደ ያላችሁት ነገር ይመለሳል» እላቸዋለሁ። የአማቴን ጉዳይ ሳላውቅ በፊትም እንዲሁ ነበር የምላቸው።

ያወቅነው አምና ግንቦት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ለሰርግ ስንወርድ ነው። እትዬ አስካለ መርሳት ከጀመሩ አራተኛ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውን ጋሽ አምባዬን ካላወቋቸው ደግሞ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ፣ ጋሽ አምባዬ ከኋላ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ጉሙ ውስጥ መውረድ ስንጀምር ቀስቱ በራ። ደብረ ሲና ላይ እትዬ አስካለ ወደ ኋላ ዞር አሉ።

«አምባዬ፣ መስኮቱን ዝጋው እንጂ። ብርድ እኮ አይስማማህም።»

ጋሽ አምባዬ መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ዝቅ ባልን ቁጥር ተጨማሪ ነገር መጣ። አርማንያ ላይ እኔን አወቁኝና መወፈሬን ነገሩኝ። ትንሽ ዝቅ ብለን ደግሞ በሰርጌ ቀን ዘመዶቻቸውን ከኋላ ማስቀመጤን አነሡ። ይህን ጉዳይ የረሱት መስሎኝ ነበር፤ ለነገሩ ረስተውትም ነበር። ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ መንገዱ ሜዳ ሆነ፣ ቀስቱም ጠፋ። እትዬ አስካለ ጋሽ አምባዬን አዩአቸው።

«እርስዎ የማን ወገን ነዎት? የሙሽራው ነው የሙሽሪት?»

«ሹፌሩ ነኝ፣ እሜቴ» አሉ ጋሽ አምባዬ።

ሰርጉ ደህና ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው መውረድ ጀመርን። ባለቤቴ ወይንሸት፣ የእነሱ አንድ ልጅ ማለት ናት፣ አንድ ቀን ብቻ አብራን መጣች። ሲወርዱ እናትና ልጅ እየተጎራረሱ፣ እየተሳሳቁ ወረዱ። ስንመለስ የመጀመሪያው ዳገት ላይ እትዬ አስካለ «ይቺ ልጅ ማነው የተሳፈረችው?» ብለው ጠየቁኝ። ወይንሸት እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በመስኮት ነበር የምታየው። ቤት ስንገባ «በሳምንት አንድ ቀን እናቴን መቅበር አልችልም» አለችኝ። ሁለተኛ አልመጣችም። አልፈረድኩባትም።

ጋሽ አምባዬ ግን አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ምክንያታቸውን አውቃለሁ። እትዬ አስካለ ሁልጊዜ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ አንድ ነገር ሊነግሯቸው ይጀምራሉ። «አምባዬ፣ አንተ ከአሰብ ስትገባ እኮ እኔ…» ይላሉ። እዚያ ላይ መንገዱ ያልቃል። ቀስቱ ይጠፋል። «እርስዎ ማነዎት?» ይመጣል። ይህ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሆነ። ጋሽ አምባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አሰብ መስመር ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ከትዳራቸው ግማሹን ያሳለፉት መንገድ ላይ ነው። የዚያች ዐረፍተ ነገር ቀሪ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መኖር ከበዳቸው፤ ምግብ ሁሉ ቀነሱ።

ቀስ ብዬ ብወርድ አንዲት ቃል ትጨመር ይሆናል ብዬ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ወረድኩ። ቃሏ አልተጨመረችም። ከኋላዬ ግን አሥራ ስድስት የጭነት መኪና ተሰልፎ ጥሩምባውን አቀለጠው።

«እስቲ እኔ ልንዳው» አሉ ጋሽ አምባዬ በሚቀጥለው ሳምንት። «ስነዳ አይታኝ አታውቅም።»

መሪውን ሰጠኋቸው፤ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ነዳጃቸው እጅግ ልስልስ ነበር፤ ይቅርታ፣ አነዳዳቸው ማለቴ ነው። ዋሻውን አለፉ። ጉሙን አለፉ። ደብረ ሲና ደረሱ፣ እትዬ አስካለ ዝም። አርማንያ ደረሱ፣ ዝም።

«አስካለ?» አሉ ጋሽ አምባዬ።

እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ። እኔ አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁ። ቀስት የለም።

«ጋሽ አምባዬ፣ ማርሹ ፍሪ ላይ ነው።»

«አዎ። ነዳጅ ልቆጥብልህ ብዬ ነው።»

የድሮ የከባድ መኪና ሹፌሮች ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሹን ፍሪ አድርገው ሞተሩን ከጎማው ያላቅቁታል፤ መኪናው በራሱ ክብደት ይንከባለላል። ለመኪናም ለሕይወትም መጥፎ ነው። እነሱ ግን እንደ ሙያ ያዩታል።

«ይሄኛው በፍሪ ሲወርድ ምንም አይሰበስብም» አልኳቸው።

«ምንም?»

«ምንም።»

ጋሽ አምባዬ ዳር ይዘው አቆሙ። ማርሿን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በፍሪ ነው የወረድኩት» አሉ። «ለነዳጅ ብቻ አይምሰልህ። ተሳቢውን ፈትቼ፣ ንጋት ላይ ወደ ሰፈር ስገባ ከላይ ጀምሬ በፍሪ ነው የምለቀው፤ እሷን ድምፅ እንዳይቀሰቅሳት። ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምገባ። አንድ ቀን እንኳ ቀስቅሼያት አላውቅም።»

ይህን ያሉት በኩራት ነው። እትዬ አስካለ ከጎናቸው ተቀምጠው የሰው ወሬ እንደሚሰማ ሰው በጨዋነት ያዳምጣሉ።

ችግሩ ቀኝ እጃቸው ነበረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልቁለቱ ሲጀምር እጃቸው ብቻዋን ተነሥታ ማርሹን ፍሪ አደረገችው። መለሷት። ደግማ አደረገችው። ኪሳቸው ከተቷት፤ ወጣች። ጋሽ አምባዬ ወደ ጎን ዞር አሉ።

«እሜቴ፣ ይቺን እጄን ቢይዙልኝ? ዐመል አለባት።»

«የማላውቀውን ሰው እጅ?»

«እስከ ደብረ ሲና ብቻ።»

እትዬ አስካለ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የአደራ ዕቃ እንደሚይዝ ሰው ያዙላቸው። ቀስቱ በራ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹን ስናልፍ ማንም ይልቀቁ አላላቸውም፣ እሳቸውም አልለቀቁም። አርማንያ ላይ አውራ ጣታቸው የጋሽ አምባዬን እጅ ጀርባ ወዲያና ወዲህ ታሻሽ ነበር።

መኪናው በሴት ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። ያው ንግግር በዐረብኛ ጽሑፍ ሆኖ ከመኪናው ጋር በተያያዘው ስልኬ ላይም መጣ።

«ምን እያለች ነው?» አልኩ። ዐረብኛ ከመካከላችን የሚያውቁት አሰብ ላይ የለቃቀሙት ጋሽ አምባዬ ብቻ ናቸው።

«ሁለቱንም እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ ትላለች።»

ጋሽ አምባዬ በዐረብኛ አጭር መልስ ሰጧት።

«ምን አሏት?»

«አንደኛዋ ተይዛለች አልኳት።»

የመኪናው ሴት በየሩብ ሰዓቱ ደገመችው፤ እሳቸውም በየሩብ ሰዓቱ ያንኑ መለሱላት። የዚያን ዕለት እትዬ አስካለ «አንተ ከአሰብ ስትገባ እኮ እኔ ተኝቼ…» እስከሚለው ደረሱ። አንዲት ቃል ተጨመረች። መንገዱ አለቀ።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ እንደሚለው ባትሪው መቶ በመቶ ሲሞላ መሰብሰቡን ያቆማል፤ ቀስቱም ይጠፋል። እትዬ አስካለ ተሳፍረው ግን ባትሪው ሞልቶም ቀስቱ አይጠፋም። የተረፈው የት እንደሚገባ አልጠየቅኩም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እኔ ተማሪ የምፈትንበት ቅዳሜ መጣ። ጋሽ አምባዬ «እኛው እንወርዳለን» አሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወይንሸት ግቢው በር ድረስ ወጥታ የእናቷን ሹራብ ቆለፈችላቸው።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አሏት እትዬ አስካለ፤ ለማንኛዋም ወጣት እንደሚባለው።

መኪናው በኤሌክትሪኩ ብቻ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ።

ፈተናው መካከል ላይ መኪናው ያለበትን የሚያሳየኝን ስልኬን አየሁ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሸዋ ሮቢት ደርሰዋል፤ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ሜትር። ቀስቱ አልጠፋም። አንድ ሺህ መቶ ሆነ። ስምንት መቶ ሆነ። ያንን አገር አውቀዋለሁ፤ ከከተማው ወዲያ እንዲህ ያለ ቁልቁለት የለም። ወረቀቱን ሰብስቤ ቤት ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ከፍታው ዜሮ ይላል። ወይንሸት ከጎኔ ቆማ እያየች ከዜሮ በታች አርባ ሆነ። ካርታው ላይ መንገድ የለም፤ መኪናዋን የምታመለክተው ነጥብ ግን በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ባትሪ ሁለት መቶ አሥራ አራት በመቶ። የነዳጅ ፍጆታ ዜሮ።

ወይንሸት ደወለች።

«አባዬ፣ የት ናችሁ?»

«ቁልቁለት ላይ።»

«ሸዋ ሮቢትን እኮ አልፋችኋል።»

«አለፍናት። መንገዱ ቀጠለ። ጥሩ አስፋልት ነው። ቆይ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ።

«ወይንዬ፣ ምሳ በላሽ?»

ወይንሸት በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አራት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት የለም፤ እኔም ጭምር።

«በላሁ፣ እማዬ።»

«ውሸትሽን ነው። የራበሽ ጊዜ ድምፅሽ ይቀጥናል። ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ወይንሸት አፏን በመዳፏ ያዘች። ስልኩን ተቀበልኳት።

«ጋሽ አምባዬ፣ እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ ያችን ዐረፍተ ነገር ጨረሷት?»

«ጨረሰቻት።»

«ምን አሉ?»



«‹አንተ ከአሰብ ስትገባ እኮ እኔ ተኝቼ አላውቅም› አለችኝ። ‹ገና ከላይ ከሰፈሩ ጫፍ እሰማህ ነበር። ጫማህን በእጅህ ይዘህ እንዲያ ስትጠነቀቅ ልፋትህ ከንቱ እንዳይሆንብህ ነው ዓይኔን የምጨፍነው።› ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«አሁን ሌላ ጀምራለች፤ ልስማት።»

ወይንሸት ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «አባዬ፣ ስትመለሱ…» ብላ ጀመረችና አቆመች። እኔን አየችኝ። መመለስ ማለት ዳገት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አትቸኩሉ፣ አባዬ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይጠራም። መኪናዋ ግን ከስልኬ ጋር እንደተያያዘች ናት። ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛ ሳምንቷ ነው። ፍጥነቷ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ነው። የፊት ሁለቱ ወንበሮች ቀበቶ ታስሯል። ቀስቱ ይፈሳል። ከፍታውን የሚያሳየው ቁጥር ረዝሞ ከቦታው ስለወጣ ማንበብ ትቻለሁ። ከትናንት ወዲያ የፊት መብራቶቹ በራሳቸው በርተዋል፤ ያሉበት ጨለማ ሆኗል ማለት ነው።

ወይንሸት ምሳዋን ስትበላ ስልኩን ከሳህኗ አጠገብ ታስቀምጣለች። በየሩብ ሰዓቱ ይንቀጠቀጥና አንድ መስመር ጽሑፍ ይመጣል። ሁለታችንም ዐረብኛ አናነብም፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ግን ከቅርጿ እናውቃታለን። ሁለቱንም እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ ነው የምትለው።