ነርሷ ከመምጣቷ በፊት

ልጄ ሚጢ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሳምንት ሙሉ በትኩሳት ስትነድ ከረመች፤ ዓይኗ ደም መሰለ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ሆስፒታል ሳስገባት ሐኪሙ የደም ሥሮቿ መቆጣታቸውን ነገረኝና አንድ ቀን ሙሉ በክንዷ መድኃኒት ተንጠባጠበላት።

«እንግዲህ የምንጠብቀው ትኩሳቱን ነው» አለኝ። «ከነገ ወዲያ ተመልሶ ከመጣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው፤ ቶሎ ሌላ እንጨምራለን። ካልሆነ የልቧ ደም ሥር ሊያብጥ ይችላል። ማስታገሻ ሽሮፕ እንዳትሰጫት፤ ትኩሳቱን ይደብቅብናል።»

«እሺ ዶክተር» አልኩ። እሺ ማለት መቼ ቸግሮኝ ያውቃል!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግንባሯን ብዳብሰው ፈጀኝ። ነርሷ ሙቀት ልትለካ አንድ ሰዓት ቀርቷታል። ሚጢ «እማዬ፣ ቤታችን እንሂድ» እያለች ታለቅሳለች። አልሠራም የሚለውን ቃል ለመስማት አቅም አጣሁ። ከቦርሳዬ ሽሮፑን አውጥቼ አጠጣኋት።

«ለማንም እንዳትናገሪ፤ የኔና ያንቺ ሚስጥር ነው» አልኳት። ጣፋጭ ስለነበር ከንፈሯን ላሰች።

ነርሷ መጣች፣ ለካች፣ ፈገግ አለች። «ሠላሳ ሰባት! ጎበዝ የኔ ቆንጆ!»

ማታም ደገምኩት፣ በማግስቱም። አልጋዋ ግርጌ የተሰቀለው ወረቀት ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጉድ እኮ ነው፣ እኔው ራሴ አመንኩት። ሐኪሙ ጭንቅላቷን ዳብሶ ሸኘን።

ቤት ከገባን በሁለተኛው ቀን ሽሮፑ አለቀ፤ ትኩሳቱ ግን አላለቀም። ይዣት ስመለስ ልቧን በማሽን አዩት። አንዱ ደም ሥር አብጧል።

«ትኩሳቱ መቼ ጀመራት?» አለኝ ሐኪሙ።

«ዛሬ» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ሁለተኛውን መድኃኒት ሲሰጧት ትኩሳቱ ጠፋ፤ እብጠቱ ግን ቀረ። «አንዳንድ ልጅ ላይ የመጀመሪያው አይሠራም። የማንም ጥፋት አይደለም» ብሎ አጽናናኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። የሰው ልብስ ስሰፋ ከመኪናው ድምፅ ሥር እሰማታለሁ፤ ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ ትቆማለች።

አሁን ሚጢ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ደም የሚያቀጥን ክኒን ትውጣለች፤ የሰፈር ልጆች ሲሯሯጡ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ታጨበጭብላቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ስንሄድ አዲሷ ሐኪም የድሮውን ወረቀት አገላበጠች።

«የሚገርም ነው» አለች፤ «እዚህ ላይ ሁለት ቀን ምንም ትኩሳት አልነበራትም።»

እኔ ወለሉን አየሁ። ሚጢ እኔን አየች።

ወጥተን መንገዱን ልንሻገር ስንል እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ ስለ ጣፋጩ አልተናገርኩም እኮ» አለችኝ። «እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።»