የቀረላት ቃል

ባለቤቴ የሆቴል ሼፍ ነበረች። እዚያ ወጥ ቤት መጥበሻ መጥበሻ አይባልም፤ በእንግሊዝኛው ፓን ነው። «ፓን!» ብላ ከጮኸች የታጠበ አምጡ ማለቷ ነው። የጋለውን ይዛ በሰው ጀርባ ስታልፍም ያው «ፓን!» ነው፤ መንገድ ልቀቁ። ምግቡ ሲደርስ ደግሞ ዝግ ብላ «ፓን» ትላለች፣ አስተናጋጁ ብቅ ይላል።

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ የወደቀች ጊዜ ሌላው ቃል ሁሉ ጠፍቶ ይቺ ብቻ ቀረች። የእኔም ስም፣ ቁጣዋም፣ ጸሎቷም ፓን ሆነ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ መስማት ያዝኩ። ሳብ ስታደርገው ውሃ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትለው አሞኛል ነው። ከፍ አድርጋ ድንገት ስትቆርጠው መስኮት ክፈትልኝ ነው፤ የታፈነ ቤት ያስጨንቃታል። ማታ ጸልየን ስንጨርስ በሹክሹክታ የምትላት ግን አሜን እንደሆነች ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ምን ያደርጋል፣ እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ መንገድ ከወጣሁ የምመለሰው ሰንብቼ ነው። ስወጣ የምትጠብቅልኝ ጎረቤታችን ቤት ቀየረች። ስለዚህ የባለቤቴ ታላቅ እህት ወደ ቤቷ ልትወስዳት መጣች። ጭንቀቴ አንድ ነበር፤ እዚያ ማን ይሰማታል?

«እትዬ፣ አንዴ ስሚኝማ» አልኳት ልብስ እያጣጠፍኩ። «ሳብ ካደረገችው...»

«አንተ ደግሞ! በዚህ ዕድሜዬ ቋንቋ ልታስተምረኝ ነው?»

«ውሃ ነው። ቶሎ ቶሎ ካለችው ደግሞ...»

«አዝዬ ያሳደግኳት እኮ እኔ ነኝ! ዓይኗን አይቼ አውቃለሁ።»

«ዓይኗንማ ማንም ያያል እትዬ። ድምጿን ነው የምልሽ።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዋ መጣ። «እሺ፣ ንገረኝ እስቲ» አለች።

ነገርኳት። ሞከረች፣ ግን ሁሉም አንድ ሆነባት። «እንዴ፣ ይሄ ከቅድሙ በምን ተለየ?» ትለኛለች። አልፈረድኩባትም። እኔም ለመለየት ክረምቱን ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ባለቤቴን አቅፌ ታክሲው ውስጥ አስቀመጥኳት። በሩ ተዘጋ። ድምጿ መስታወቱን አልፎ ተሰማኝ፤ «ፓን!» ከፍ ብሎ ድንገት የተቆረጠ።

እህቷ ጎንበስ አለችና፣ በሚያሳሳ ርኅራኄ፣ የውሃውን ጠርሙስ ወደ ከንፈሯ አስጠጋችላት።

«መስኮቱን ነው! እትዬ፣ መስኮቱን ክፈችላት!» እያልኩ መስታወቱን በመዳፌ መታሁት።

እትዬ የምሰናበታቸው መስሏት እጇን አውለበለበችልኝ። ታክሲው ተነቃነቀ። ባለቤቴ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል አፏን ከፍታ ውሃውን ጠጣች።