ከድልድዩ በላይ የተቀዳ ውሃ

"ከቧንቧው ሥር አይደለም! ወደ ላይ ውጪና ከድልድዩ ማዶ ቅጂ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ።

የማጣሪያ ገንዳው ሠራተኛ ባዶ ጠርሙሷን እንደያዘች ወንዙ ዳር ቀጥ ብላ ቀረች። ከጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው በሚወጣው ቧንቧ ሥር ውሃው እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ቀልቷል። ድሮ ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ በየወሩ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ይህን ጉድ አይቶ ዝም አይልም ነበር። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ግን ቢሮው ሰው መላኩን ትቶ፣ "ከመውጫ ቧንቧው ናሙና ራሳችሁ ቀድታችሁ ላኩልን" ብሏል። ተፈታኙን ፈተናህን ራስህ አርም እንደማለት ነው።

"ጋሼ፣ የላዩ እኮ ገና እኛ ጋ ያልደረሰ ውሃ ነው።"

"ይኸን አጣሁት ብለሽ ነው? አንድ ሳምንት ክፈቱ፣ አንድ ሳምንት ዝጉ ይሉናል። ደንበኛው ዛሬ አዞ ነገ ይሰርዛል። የማጣሪያውን ኬሚካል ከገዛሁ ለደመወዝ የሚተርፈኝ የለም። ነገሩ እስኪለይለት ብዬ ነው እንጂ ወንዙ ምን በደለኝ?"

አልዋሸም። ፋብሪካው ሦስት ወር የተዘጋ ጊዜ የገዛ መኪናውን ሸጦ ለሠራተኛው ግማሽ ደመወዝ የከፈለ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእሷም በቀለላት ነበር። በእነዚያ ሦስት ወራት ወንዙ ጠርቶ የሥሩ ጠጠር ሳይቀር ይታይ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሥራ ፈታ ቤቷ ተቀምጣ ነገን ትፈራ ነበር። የቱን እንደምትመኝ እንኳ ጠፍቶባታል፤ ያሳዝናል።

ወጥታ ቀዳች። ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ከፋብሪካው በታች አትክልት የምታለማው አክስቷ ናት። የመስኖ ቦይዋን ከመክፈቷ በፊት ጠዋት ጠዋት እሷን ሳትጠይቅ አትውልም።

"ልጄ፣ ልክፈተው? ሰላጣው አንገቱን ደፍቷል።"

ሥራ አስኪያጁ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል።

"አክስቴ፣ ዛሬ አትክፈቺው።"

"ትናንትም እንዲሁ አልሽኝ! እስከ መቼ ነው?"

"እሱን እኔም አላውቅም። ለጎረቤቶችሽም ንገሪያቸው፣ ማንም እንዳይከፍት።"

ስልኩን ስትዘጋ ሥራ አስኪያጁ አይኑን ከመሬት አላነሳም። "ነገርሻት" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ አጠጪና ይቃጠል ልበላት?"

በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበላት። "የተቀዳበት ቦታ በሚለው ላይ የፋብሪካው መውጫ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ፈርሚ።"

ወረቀቱን ናሙናውን ወደ ቢሮው በሚወስደው የፋብሪካው መኪና ኮፈን ላይ ዘረጋችው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ካለፈው ወር ወዲህ ግማሹ የሥራ ባልደረባዋ ተቀንሷል፤ ቀጣይዋ እሷ ብትሆን የሚገርመው የለም። ቢሆንም ፊደሉን አጉልታ "ከፋብሪካው በላይ፣ ከድልድዩ ማዶ" ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ለጠፈችው።

ሥራ አስኪያጁ በትከሻዋ በኩል አንብቦ ፊቱ ተለዋወጠ። "ምን ማድረግሽ ነው? አሁን እኮ ከቢሮው ደውለው ያፋጥጡኛል!"

"እንዳሉኝ ቀድቻለሁ ጋሼ። ሲደውሉልዎ ለእኔ የነገሩኝን ይንገሯቸው።"

ጠርሙሱን ለሾፌሩ አቀበለችና በሩን ዘጋችለት።