እትዬ መቀስ የምትቆርጥበት ሰዓት

ሰፈርተኛው «እትዬ መቀስ» ይላታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ቢኖር ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሱም ቢሆን «እታለም» ብሎ ነው የሚጠራት። ከአባታቸው የወረሱትን ልብስ ስፌት ቤት ለሁለት ይዘውታል። እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይሰፋል። በዚህ በአንዱ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀው አያውቁም፤ በቀረው በሁሉም ተጨቃጭቀዋል።

ከአራት ዓመት በፊት ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ ነው ተባለች። የታዘዘላትን ክኒን በቀን አራት ጊዜ፣ ሰዓቱን ጠብቃ ስትውጥ እጇ ይታዘዝላታል፤ የክኒኑ ጉልበት ሲያልቅ ግን ጣቶቿ ማንም ያላዘዛቸውን ይሠራሉ። ለደንበኛ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የመዋጫዋ ሰዓት ሲደርስ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ገብታ፣ እንደ ሌባ ተደብቃ ትውጣለች።

ከዚያ የፍርድ ቤቱ ሥራ መጣ፤ አሥራ ስምንት የዳኛ ካባ። ጨርቁ ተለክቶ የመጣ ከባድ ጥቁር ሱፍ ነው፣ ቢበላሽ ምትክ የለውም። ወንድሟ አገጩን እያከከ ዙሪያዋን ዞረ ዞረና፣

«እታለም፣ ይሄን እንኳ ከገበያው ማዶ ላለው ቆራጭ ብንሰጠውስ? በማሽን ነው አሉ የሚቆርጠው» አላት።

«ለምን ሲባል?»

«እጅሽ እኮ...»

«እጄ ምን ሆነ?»

ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ሌላም ነገር ታውቃለች፤ የመቁረጫ ጠረጴዛውን አንድ ቀን ከለቀቀች አትመለስበትም። መጀመሪያ «አንቺ ቁልፍ ትከዪ» ትባላለች፣ ቀጥሎ «አረፍ በይ»፣ ከዚያ እቤት ቁጭ ነው። ይህን ስታስብ ቆሽቷ ያርራል።

እናም አጠፋች። ጥፋቷም ቢሆን የልብስ ሰፊ ጥፋት ነው። ደህና ቆራጭ ሁልጊዜ ጨርቁ ላይ ትርፍ ይተዋል፤ የሰፋውን ማጥበብ ይቻላል፣ አንዴ የጠበበ ግን ምንም አይደረግም። ክኒኑንም በዚሁ ዓይን አየችው። ትርፍ ይኑረው ብላ፣ ማንንም ሳታማክር በእያንዳንዱ መዋጫ ሰዓት ላይ ግማሽ ክኒን ጨመረችበት።

የመጀመሪያው ቀን እጇ ቀጥ አለላት። ወንድሟን እያበሸቀች አራት ካባ ቆረጠች። በሦስተኛው ቀን ጉድ ፈላ። መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣ፤ ትከሻዋ በራሱ ጊዜ ይወዛወዛል፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ እግሯ ወለሉን ይጠርጋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀመጥ ነበር። እሷ ግን እልኸኛ ናትና ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች፤ መቀሱም ከጠመኔው መስመር ወጥቶ እጅጌውን ለሁለት ቀደደው።

ወንድሟ ጨርቁን አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። የክኒኑን ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

«ይሄ ነው እንዲህ ያደረገሽ። ከዛሬ ጀምሮ አትውጪም።»

«ስጠኝ።»

«አልሰጥሽም።»

«ስማኝ፣ ወንድሜ። በገዛ እጄ ጨምሬ የዋጥኩት እኔ ነኝ። ክኒኑን አትውቀሰው። በአንዴ ማቆም ደግሞ የባሰ አደጋ ነው፣ ሐኪሜ አስጠንቅቃኛለች፤ እንደ እንጨት ደርቄ ልቀር እችላለሁ። መልሰውና አሁኑኑ አብረን እሷ ዘንድ እንሂድ። ከፈለግህ እዚያ ክሰሰኝ።»

ሄዱ። ደግሞም ከሰሳት፣ አንዲት ነገር ሳያስቀር። ሐኪሟ ሁለቱንም ካዳመጠች በኋላ፣ «እናቴ፣ ያወዛወዘዎት የጨመሩት ነው» አለች። «ወደ ታዘዘልዎ ልክ ይመለሱ፣ ሰዓቱን አያዛንፉ። አልበቃኝም ካሉ ለእኔ ይንገሩኝ እንጂ በራስዎ አይጨምሩ፣ በራስዎም አያቁሙ። እርስዎም ወንድምየው፣ መድኃኒታቸውን አይደብቁባቸው።» ቀጥላም ጠየቀቻት፤ «እጅዎ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው ደህና የሚሆነው?»

የስንቱን ሰው ወገብ በቃሏ የምታውቅ ሴት፣ የራሷን ቀን አንድም ጊዜ ለክታው አታውቅም። በዚህ በራሷ አፈረች፣ ተናደደችም።

ንዴቷ ግን በጃት። ሳምንት ሙሉ መቀስ አልነካችም። የደንበኛ ልክ በምትጽፍበት ደብተር ላይ የራሷን መጻፍ ያዘች፤ መቼ እንደዋጠች፣ መቼ እንደበላች፣ እጇ መቼ እንደተረጋጋ፣ መቼ እንደከዳት። ሐኪሟ ደብተሩን አይታ የአንዱን ክኒን ሰዓት አሸጋሸገችላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ፤ ጠዋት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እጇ የእሷ ነው።

«ከአራት እስከ ስድስት እቆርጣለሁ» አለችው ወንድሟን። «ከዚያ ውጭ ብለምንህም መቀስ እንዳታቀብለኝ።»

«ደንበኛ ቢጠይቅስ?»

«እነግረዋለሁ።»

የተበላሸውን እጅጌ ከቅሪቱ ጨርቅ ቀጣጥላ አወጣችው። ካባዎቹ በየቀኑ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ አለቁ፤ በመጨረሻው ቀን የቀረው አንድ ብቻ ነበር። የፍርድ ቤቱ ኃላፊ ሥራውን ሊያይ ረፋዱ ላይ መጥቶ ራሷ ላይ ቆመ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ እጅጌ ቀርቷታል። እጇ ገና ምንም አላለም። መቀሱን አስቀመጠች።

«እንዴ፣ አንዲት እጅጌ እኮ ናት የቀረችው» አለ ሰውየው።

«ፓርኪንሰን አለብኝ። እጄ የሚሠራው በመድኃኒት ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ በሰዓት። የዛሬው ሰዓቴ አልቋል።»

ሰውየው ደንገጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ አንድ ክኒን ጣል ቢያደርጉበትስ? ለዛሬ ብቻ?»

«አልጨምርም። እንኳን ለእጅጌው ለዳኛውም አልጨምርም።»

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። እሷን ትቶ ወደ ወንድሟ ዞረ። «እንግዲያው ሌላ ሰው ይቁረጠው። ከገበያው ማዶ በማሽን የሚቆርጥ አለ አይደል?»

ወንድሟ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። ከገበያው ማዶ ያለው ቆራጭ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እሷ አላየችውም፤ ማየቱን ፈራች። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመችበት ጠረጴዛ አሁን በእሱ አፍ ላይ ነው።

«የዚህ ቤት ቆራጭ እሷ ናት» አለ። «ነገ በአራት ሰዓት ትጀምራለች። እርስዎ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይውሰዱ።»

ኃላፊው አጉረመረመ፣ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አጉረመረመ። ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳትደብቀው ጥቁሩ ሱፍ ላይ እንደተዘረጋ ተወችው፤ ሰውየው ኮፍያውን አድርጎ እስኪወጣ ድረስ እሷም ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር።