የዘጠኝ ሰዓቱ ክስተት

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ ነኝ። እዚህ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ ግን ከፕሮፌሰሮቹ በላይ አውቃለሁ። ተማሪዎቹ ሻለቃ ይሉኛል። ወታደር ሆኜ አላውቅም፤ ስሙን ግን አልጠላሁትም። ከዓይኔ የሚያመልጥ ነገር የለም እያልኩ እፎክር ነበር። አሁን ትቼዋለሁ።

የታናሽ እህቴ ልጅ እዚሁ የኮምፒውተር ኔትወርክ ታጠናለች፤ ለሁለተኛ ዲግሪ። አንድ ቀን ጠዋት ከአማካሪዋ ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። አማካሪዋ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ መደርደሪያዎቹ ላይ አርባ ትናንሽ ሬዲዮዎች ላስቀምጥ ነበር። ይፈቅዱልኛል?»

«ይዘፍናሉ?»

«አይዘፍኑም። እርስ በርስ ብቻ ነው የሚያወሩት።»

የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ነገሮች ናቸው። አንዷ የሰማችውን ለጎረቤቷ ትነግራለች፤ ጎረቤቷ ለሌላዋ፤ እንዲህ እያለ መልእክቱ በሩ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ይደርሳል።

«ሐሜት ነዋ!» አልኳት።

«ልክ ነው ጋሼ፣ ሐሜት ነው። እኔ የማጠናው አንዷ ድንገት ዝም ብትል ወሬው በየት ዞሮ እንደሚደርስ ነው።»

«ለዚህ ዲግሪ ይሰጣል?»

«ሁለት ዓመት ከለፉበት ይሰጣል።»

አማካሪው እያንዳንዷ ሬዲዮ ያረፈችበትን ቦታ በጠመኔ ከበበና፣ «አባቴ፣ አደራ፣ ሰው እንዳይነካብን» አለኝ።

ደረቴን ነፋሁ። «እኔ እያለሁ? ዝንብ አያርፍባቸውም።»

ሦስት ወር አለፈ። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት መጥታ ባትሪ ትቀይራለች፤ ከሰዓት በኋላ ታስተምራለች። እየከሳች ሄደች። እህቴ ደወለችልኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጄን ምን እያደረጋችኋት ነው? እህል አትቀምስም። ስትበላም ግድግዳ ግድግዳ እያየች ነው።»

ልጅቷን ጠየቅኳት። ነገሩ እንዲህ ነበር። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በአንደኛው ረድፍ ላይ ያሉት አራት ሬዲዮዎች ያብዳሉ። በሃያ እርምጃ የሚራራቁት፣ ጆሮ ለጆሮ የገጠሙ ይመስል ይሰማማሉ። በሌላው ረድፍ ያሉት ደግሞ ጨርሶ አይሰሟቸውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስና እብደቱ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ይሻገራል። እሑድ የለም። አየር ማናፈሻው እሑድ ስለማይሠራ እሱን ጠረጠሩት።

«ሰው ነክቷቸው ይሆን እንዴ ጋሼ?»

«ሰው!» አልኩ ተቆጥቼ።

ቢሆንም ጠርጣራ ነኝና ጠራዡን ያዝኩት። የተቀደዱ መጻሕፍት የሚጠግን ጎልማሳ ነው፤ ሙጫ ሊወስድ በእኔ በኩል ያልፋል።

«አንተ፣ በዘጠኝ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሙጫ ልወስድ ነዋ።»

«እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

«ሻለቃ፣ ማዕረግ ሲጨመርልዎ ይንገሩኝ፤ ቆሜ ሰላምታ እሰጥዎታለሁ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በላይኛው በር ይዞር ጀመር።

እኔም ማንም አልነካቸውም ብዬ መሰከርኩ። አማካሪው የብረት መደርደሪያው ሞገዱን እንደ ቧንቧ ያስተላልፋል አለ፤ እስከ ዛሬ ማንም አላየውም ብሎም ፈነደቀ። ልጅቷ በእኔ ቃል ተማምና የሃያ አራት ገጽ ምዕራፍ ጻፈች። ርዕሱ «የዘጠኝ ሰዓቱ ክስተት» ነው። ሐሙስ ፈታኞች ፊት ልትቀርብ ሆነ። ካለፈች የመምህርነቱ ቦታ የእሷ ነው፤ ካላለፈች የሚጠብቁ ሌሎች አሉ።

ማክሰኞ ግራፉን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ይዩት ጋሼ። እርስዎ የጠበቁት ነው።»

አንድ መስመር ከአንደኛው ረድፍ ይነሳል። እያንዳንዱ ረድፍ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ ይቆያል። ሰባተኛው ላይ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሞ ነው የሚቀጥለው።

«ይህ ሰባተኛው ነው ያልገባን» አለች። «አማካሪዬ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ ሳይኖር አይቀርም ይላል።»

እኔ ገባኝ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ቀኝ ጉልበቴ ይይዘኛል። መሰላሉ ላይ ተቀምጬ አሸዋለሁ።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መደርደሪያ እወለውላለሁ። ሬዲዮዎቹ ከመጡ ወዲህ የአንዱን ረድፍ ሬዲዮዎች ለቅሜ፣ እንዳይወድቁ በማለት፣ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከቁልፎቼ ጋር አደርጋቸዋለሁ። ስጨርስ ቁጥራቸውን እያየሁ እያንዳንዷን ወደ ክቧ እመልሳለሁ። ጠመኔው ሲደበዝዝም አድሼ እከባለሁ። ይህ መንካት ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። የሚነካ ሌላ ሰው ነው። እኔማ ወለወልኩ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

ይህን ማለቴ ያሳፍረኛል። ረቡዕ እስከ ቀትር ድረስ ከራሴ ጋር ስደራደር ዋልኩ። ማን ያውቃል? ማንን ይጎዳል? አማካሪውም ደስ ብሎታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጨርቄን ይዤ አንደኛው ረድፍ ጋ ቆምኩ። እጄ አልዘረጋ አለኝ። ሦስት ፎቅ ወጣሁ። ልጅቷ ባዶ ወንበሮች ፊት ቆማ ንግግሯን ትለማመዳለች።

«ልጄ፣ ክስተቱ እኔ ነኝ።»

«ምን አሉኝ?»

ስለ ጨርቁም፣ ስለ ኪሱም ነገርኳት። ስለ ጉልበቴ ግን አልነገርኳትም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መናዘዝ ከበደኝ።

አብራኝ ወረደች። «በሉ ያድርጉት» ብላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ታለቅሳለችም።

«ሃያ አራት ገጽ፣ ጋሼ! ሃያ አራት ገጽ ስለ ኪስዎ ጻፍኩ!»

ከኪሴ አውጥቼ አንድ በአንድ ወደ ክባቸው መለስኳቸው።

ሐሙስ ፈታኞቹ ፊት ቆማ እውነቱን ተናገረች። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አማካሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ማየት ያስጠላው ይመስላል። ከፈታኞቹ አንዷ፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሴትዮ፣ ጠየቋት።

«ሬዲዮዎቹ ሰውየው ኪስ ውስጥ ሲሆኑ መልእክቶቹስ ጠፉ?»

«ከመቶ ሦስቱ ብቻ ናቸው የጠፉት። የቀሩት በሌላ በኩል ዞረው ደርሰዋል።»

«ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይህ አልነበረም እንዴ?»

ሁለት ሳምንት ሰጧት። ምክንያቱ በእርግጥ እኔ መሆኔን በሰዓት ለክታ ታሳይ፤ አለዚያ የሦስቱ ወር ቁጥር ሁሉ ይጣላል።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷ ኮምፒውተሩ ጋ፣ አማካሪው ሰዓት ይዞ፣ ጠራዡ ደግሞ ወሬ ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ተመልካች የወለወልኩ ሰው ወገቤን አቅንቼ ተነሳሁ። ሰባተኛውን ረድፍ በአራት ደቂቃ ጨረስኩ። መስመሩ አልገጠመም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ጉልበቴ ድንች አክሏል።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው ላይ ለምን አይቆሙም?»

«ምን ያቆመኛል?»

ትኩር ብላ አየችኝ። «ያ አሥራ አምስት ደቂቃ ካልመጣ አያምኑኝም። ያመለጠኝ ነገር አለ።»

ሐሙስ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ መሰላሉን ጎትቼ ተቀመጥኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ። የማወጣው ድምፅ ያስቃል፤ ብቻዬን ሳለሁ አልሰማውም ነበር።

«ሻለቃ፣ የጦር ሜዳ ቁስል ነው?» አለ ጠራዡ።

«የእርጅና ነው። ያን ቀን ደግሞ የአንተን ሳይሆን የራሴን እጅ ማየት ነበረብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ምን አለበት» አለ፤ ግን አልሄደም፤ ይህን ትዕይንት ጥሎ መሄድ አልፈለገም።

ሲበቃኝ መሰላሉን ተደግፌ ልነሳ ስል ልጅቷ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጮኸች።

«እንዳይነሱ ጋሼ! ገና ስድስት ደቂቃ ይቀራል!»

መልሼ ተቀመጥኩ። መስመሩ ገጠመ። በቀሩትም ቀናት እንደዚያው እየተቀመጥኩ አሻሁ፤ ፈታኞቹም ፈረሙላት። በጽሑፏ ውስጥ ገጽ አርባ አንድ ላይ «ተንቀሳቃሽ መሰናክል» የተባልኩት እኔ ነኝ።